ስድስት ፎርጅድ ውሳኔዎችና አንድ ፊርማ

ነገሩ የጀመረው በጉልበት ነው። በኃይል ማለቴ አይደለም፤ በሰው ጉልበት። ኦገስት 2019 ላይ አንድ መንገደኛ ከኤል ሳልቫዶር ወደ ኒው ዮርክ ይበር ነበር። አስተናጋጆች የሚገፉት የብረት ጋሪ ግራ ጉልበቱን መታው። ተጎዳሁ ብሎ አየር መንገዱን አቪያንካን ከሰሰ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ዓይነት ክስ በየቀኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይህኛው ግን አራት ዓመት ሳይሞላው የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። የሕግ ሰዎች “ማታ በአቪያንካ ላይ” ይሉታል። ማታ የከሳሹ ስም ነው እንጂ የችሎቱ ሰዓት አይደለም።

ብዙዎቻችን ጉዳዩን የምናውቀው በአንድ መስመር ነው። ጠበቃው ቻትጂፒቲን አመነ፣ ቻትጂፒቲ ሸወደው፣ ፍርድ ቤት ቀጣው። መዝገቡን ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ግን ታሪኩ እንዲህ አጭር አይደለም። ማሽኑ የሠራው ጥፋት የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሰው ሥራ ነው። “አቁም፣ ተመለስ” የሚሉ አጋጣሚዎች ተራ በተራ መጡ፤ ተራ በተራ ታለፉ። ጥብቅና ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ጋር እንዴት ይኑር ለሚል ሰው ከራሱ ከማሽኑ ይልቅ እነዚያን አጋጣሚዎች ማየት የሚሻል ይመስለኛል።

ጥያቄው የይርጋ ነበር

በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚደርስ ጉዳት የሚዳኘው በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ስምምነቱ የካሳ ክስ አውሮፕላኑ መድረሻው ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ካልቀረበ መብቱ ቀረ፤ ይርጋ የሚባለው ይህ ነው። አቪያንካ ደግሞ በኮሮናው ጊዜ ተንገዳግዶ ሜይ 2020 ላይ አሜሪካ ውስጥ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በአገሩ ሕግ አንድ ድርጅት እንዲህ ሲያደርግ በላዩ ላይ ያሉ ክሶች ወዲያውኑ ይታገዳሉ።

ክሱ የቀረበው በ2022 ነው። 2 ዓመቱ አልፏል። ስለዚህ አየር መንገዱ ጃንዋሪ 2023 ላይ “ክሱን ይርጋ አግዶታል፣ ይዘጋልኝ” ሲል መቃወሚያ አቀረበ።

ለከሳሽ የቀረችው በር አንዲት ናት። በኪሳራው ሰበብ ክስ ታግዶ በቆየበት ጊዜ የይርጋውም ሰዓት ቆሞ ነበር ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንም ጠበቃ ያነሳው ነበር። ችግሩ ጥያቄው ሦስት የሕግ ዘርፎችን በአንድ ላይ መንካቱ ነው፦ የአቪዬሽን ሕግ፣ የኪሳራ ሕግና የፌዴራል ሥነ ሥርዓት። የከሳሹ ጠበቃ ደግሞ በሦስቱም እንግዳ ነበሩ።

ሰውየው ጀማሪ አይደሉም። ከ30 ዓመት በላይ ጥብቅና ቆመዋል። ግን ሥራቸው ሁሉ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ነበር፤ የአካል ጉዳትና የሠራተኛ ካሳ። ይህም ክስ መጀመሪያ የተከፈተው እዚያው ነው። ተከሳሹ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲያዛውረው ነገሩ ተለወጠ። አንጋፋው ጠበቃ በዚያ ፍርድ ቤት የመቆም ፈቃድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፈቃድ ያላቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው መዝገቡን በስማቸው ያዙ። ምርምሩንና ጽሑፉን የሚሠሩት አንጋፋው፣ የሚፈርሙት ባልደረባው ሆኑ። ሁለቱ ከ25 ዓመት በላይ አብረው የሠሩ ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢሮው የተመዘገበበት የውሳኔዎች መፈለጊያ የፌዴራል ውሳኔዎችን እንደልብ አያሳይም ነበር። ትልልቆቹ ቢሮዎች የሚጠቀሙባቸው ዌስትሎውና ሌክሲስ አልነበሯቸውም። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የስንፍና ታሪክ ያደርገዋል። እኔ ግማሹን ድህነት እለዋለሁ፤ የመጽሐፍ መደርደሪያው ባዶ የሆነበት ሰው ታሪክ። በዚያ ሰዓት ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ነፃ ነው። ሁሉን ያውቃል ተብሎለታል። አንጋፋው ጠበቃ እንደ ላቀ የመፈለጊያ ሞተር እንዳዩት በኋላ ለችሎቱ ተናግረዋል።

ለራስ ምስክር መሪ ጥያቄ

ከማሽኑ ጋር የተደረገው ምልልስ በኋላ ለፍርድ ቤት ቀርቧል። የመጀመሪያው ጥያቄ በግርድፉ “የተከሳሽ ኪሳራ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ይርጋውን ያቆማል ብለህ ተከራከር” የሚል ነው። ማሽኑ ጠቅለል ያለ መልስ ሰጠ። ቀጠሉ፦ ይህን የሚደግፍ የፍርድ ቤት ውሳኔ ስጠኝ። ቀጠሉ፦ በአየር መንገድ ኪሳራ የተነሳ ይርጋ የቆመባቸውን የፌዴራል ውሳኔዎች አሳየኝ። ቀጠሉ፦ ሌላም ጨምርልኝ።

የትኛውም ጥያቄ “ይቆማል ወይስ አይቆምም?” አይልም።

ችሎት የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። የራስህን ምስክር በመሪ ጥያቄ አትጠይቅም። “ቀዩ መኪና በፍጥነት ሲመጣ አይተሃል አይደል?” ስትል ተቃራኒው ጠበቃ ብድግ ይላል። ምክንያቱም መልሱን አንተው ሰጥተኸዋል፤ ምስክሩ የቀረው አዎ ማለት ብቻ ነው። 30 ዓመት በችሎት ያሳለፉት ጠበቃ ማሽኑ ፊት ሲቀመጡ ይህን ትምህርት ረሱት።

ማሽኑ ደግሞ ከየትኛውም ምስክር የበለጠ ለማስደሰት የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም መዝገብ ገልጦ አያይም። ከተማረው ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲጠቀስ ምን እንደሚመስል አሳምሮ ያውቃል፤ የከሳሽ ስም፣ የተከሳሽ ስም፣ የቅጽ ቁጥር፣ ገጽ፣ ፍርድ ቤት፣ ዓመት። ቅርጹ ውስጥ የሚገባ እውነት ሲያጣ ቅርጹን ባለው ይሞላዋል። እናም “ቫርጊስ በቻይና ሳውዘርን አየር መንገድ ላይ” የሚባል ውሳኔ ተወለደ። ወንድምና እህትም ተከተሉት። አንዱ በኢጂፕትኤር ላይ፣ አንዱ በኢራን ኤር ላይ፣ አንዱ በኬኤልኤም ላይ።

አንጋፋው ጠበቃ ጨርሰው አልተጠራጠሩም ማለት ግን አይቻልም። ማሽኑን ራሱን ጠይቀውታል። ቫርጊስ እውነተኛ ጉዳይ ነው? አሉት። ዓይኑን በጨው አጥቦ አዎ አለ። ምንጭህ ምንድን ነው? ቢሉት ለተፈጠረው ብዥታ ይቅርታ ጠይቆ፣ ደግሜ አጣርቻለሁ፣ ዌስትሎውና ሌክሲስ ላይ ይገኛል አለ። ሌሎቹስ ፎርጅድ ናቸው? አይደሉም፣ በታወቁ የሕግ መረጃ ቋቶች ውስጥ ታገኛቸዋለህ።

ይህ ማለት ምስክሩን “አትዋሽም አይደል?” ብሎ ጠይቆ፣ “አልዋሽም” ሲል አመስግኖ እንደማሰናበት ነው።

ሰባ አንድ ቀን

ማሽኑ የሰጣቸውን ውሳኔዎች የጠቀሰው፣ ለአየር መንገዱ መቃወሚያ የተጻፈው መልስ ማርች 1፣ 2023 ገባ። ከሥሩ የባልደረባው ፊርማ አለ። ከመፈረማቸው በፊት አንብበውታል። ግን ምን ብለው አነበቡት? ለችሎቱ እንዳስረዱት የተመለከቱት የጽሑፉን ፍሰት ነው። ያልተገባ ነገር እንዳይኖርበት፣ ትልልቅ የሰዋስው ስህተት እንዳይገባበት። ከተጠቀሱት ውሳኔዎች አንዱንም አልከፈቱም። የ25 ዓመት ባልደረባቸው ነዋ የጻፈው።

ማርች 15 የአየር መንገዱ ጠበቆች መልስ ሰጡ። እነዚህ የአቪዬሽን ሕግን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አልጮኹም፤ “አጭበርባሪ” የሚል ቃል አልተጠቀሙም። ከተጠቀሱት ውሳኔዎች አብዛኞቹን ፈልገን አላገኘናቸውም አሉ። በቃ። ለሠለጠነ ጆሮ ይህ ደወል ነው። በሙያው ውስጥ የኖረ ተከራካሪ በዘርፉ ያለ ውሳኔ የለም ሲልህ ወንበርህ ላይ አትቀመጥም። ፈራሚው ጠበቃ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ ወደ አንጋፋው አስተላለፉት። አንጋፋውም ዝም አሉ።

ኤፕሪል 11 ፍርድ ቤቱ ራሱ ተናገረ። የጠቀሳችኋቸውን ውሳኔዎች ቅጂ በቃለ መሐላ አቅርቡ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ዳኛ የውሳኔ ቅጂ ከጠበቃ ሲጠይቅ ቅጂው ቸግሮት አይደለም። ይህን የማይገባው ጠበቃ የለም። እዚህ ላይ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተሳስተናል” ማለት ይቻል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ፈራሚው ጠበቃ እረፍት ላይ ነኝ፣ ቀን ይጨመርልኝ አሉ። እረፍት ላይ የነበሩት እሳቸው አልነበሩም፤ አንጋፋው ነበሩ። ትንሽ ውሸት ናት። በኋላ ግን ከሁሉም የከፋ ዋጋ ካስከፈሉት አንዷ ሆነች።

ኤፕሪል 25 ቅጂዎቹ ቀረቡ። ከየት መጡ? ከዚያው ከማሽኑ። ሙሉ ውሳኔ ላይሆኑ ይችላሉ፣ የመረጃ ቋቱ ያወጣው ይህን ያህል ነው የሚል ማስታወሻ ታክሎባቸዋል። የየትኛው መረጃ ቋት? አልተጻፈም።

ሜይ 4 ዳኛው ስድስቱ ውሳኔዎች የውሸት ይመስላሉ፣ ለምን እንደማትቀጡ አስረዱ አሉ። ቻትጂፒቲ የሚለው ስም መዝገቡ ላይ የወጣው ሜይ 25 ነው። ከተቃራኒው ወገን ደወል እስከዚህ ቀን ሲቆጠር 71 ቀን ነው። ጠበቆቹን ያስቀጣቸው ማሽኑ የጻፈው ሳይሆን እነዚህ 71 ቀናት ናቸው።

ቫርጊስን ቀረብ ብለን እንየው

ዳኛ ኬቪን ካስቴል ያደረጉት ነገር ለእኔ የጉዳዩ ምርጥ ክፍል ነው። አነበቡት። ማንም ያላነበበውን ጽሑፍ እሳቸው ቁጭ ብለው አነበቡት።

ቫርጊስ የተባለው ውሳኔ ሲጀምር የሞት ካሳ ክስ ነው። አንዲት ሴት የሟች ውርስ ወኪል ሆና አየር መንገዱን ትከሳለች። ትንሽ ወረድ ሲሉ ሟቹ የለም፣ ሴትዮዋም የለችም። ሌላ ስም ያለው ቫርጊስ መጥቷል፤ ተያያዥ በረራ አምልጦኛል፣ ውል ፈርሶብኛል እያለ ነው። ከሞት ወደ ቲኬት፣ ያለ አንዲት የመሸጋገሪያ ዓረፍተ ነገር። ወረድ ሲሉ ደግሞ ጽሑፉ በድንገት ያልቃል። ፍርዱ ምን እንደሆነ አይናገርም። ዳኛው የሕግ ትንታኔውን ትርጉም የሌለው ቅዠት ሲሉ ገልጸውታል።

ውሳኔው ሦስት ዳኞች ሰጡት ይላል። ሦስቱም በእውን ያሉ ዳኞች ናቸው። አንዳቸው ግን ውሳኔውን ሰጠ የተባለው ፍርድ ቤት ዳኛ አይደሉም። ውሳኔው ይገኝበታል በተባለው ቅጽና ገጽ ላይ ያለው ሌላ ሰው፣ ሌላ ጉዳይ፣ ሌላ ፍርድ ቤት ነው። የመዝገብ ቁጥሩም ሲጣራ የሌላ ክስ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ያረጋገጠው ሰጪ የተባለው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ራሱ ነው።

አሁን አስቡት። ይህን ሁሉ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አላስፈለገም። ቅጹን አውጥቶ ገጹን መግለጥ በቂ ነበር። ወይም ወደ ሬጅስትራሩ ስልክ መደወል። እሱ ቢቀር ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ። ሟች በመሃል ከጠፋ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ጁን 8 በነበረው ችሎት አዳራሹ በጠበቆችና በሕግ ተማሪዎች ተጨናንቆ ነበር። ጁን 22 ውሳኔው ወጣ። ሁለቱ ጠበቆችና ቢሮው በአንድነት 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ። ለደንበኛቸው፣ እንዲሁም ስማቸው ያለ አግባብ ለተነሳው ዳኞች ሁሉ ውሳኔውን አያይዘው ደብዳቤ እንዲልኩ ታዘዙ። ይቅርታ እንዲጠይቁ ግን አልታዘዙም። ተገዶ የሚጠየቅ ይቅርታ ከልብ አይደለም ብለው ዳኛው ለራሳቸው ተዉላቸው።

ብዙ ሰው የሚዘለው የውሳኔው መግቢያ ነው። ዳኛው አስተማማኝ በሆነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መታገዝ በራሱ ነውር የለውም ይላሉ። ጠበቆች ድሮም በጀማሪዎች፣ በተማሪዎች፣ በመጻሕፍት፣ በመረጃ ቋቶች ይታገዙ ነበር። ደንቡ ግን ለፈራሚው የበር ጠባቂነት ኃላፊነት ሰጥቶታል። ደግሞም ከማርች 15 በኋላ፣ ሲቀር ከኤፕሪሉ ትእዛዝ በኋላ እውነቱን ቢያወጡ ኖሮ መዝገቡ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ሲሉ ጽፈዋል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

ከዚያ በኋላ የሆነው ይገመታል። ውሳኔው ገና ሳይወጣ አንድ የቴክሳስ ዳኛ ችሎታቸው የሚመጣ ጠበቃ ሁሉ ያቀረበው ጽሑፍ በማሽን አለመጻፉን ወይም በሰው መረጋገጡን እንዲያስታውቅ አዘዙ። አንዳንድ ቢሮዎች ጨርሰው ከለከሉ። አይነኬ ሆነ።

መከልከል ግን አያድንም። የለንደኑን ጉዳይ እዩ። ጁን 2025 ላይ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከመረመራቸው ሁለት መዝገቦች በአንደኛው 45 ውሳኔዎች ተጠቅሰው 18ቱ ጨርሶ የሌሉ ነበሩ። ጠበቃው ማሽን አልነኩም። የነካው ደንበኛቸው ነው። ደንበኛው ራሱ ምርምር አድርጎ ሰጣቸው፤ እሳቸው አምነው አስገቡት። ጠበቃ ለደንበኛው ሕግ ይመረምራል እንጂ ደንበኛ ለጠበቃው አይመረምርም ብሎ መሳቅ ይቻላል። ግን ከዛሬ በኋላ እያንዳንዱ ደንበኛ መልሱን በስልኩ ይዞ ነው የሚመጣው። ተቃራኒህም፣ ጀማሪህም እንዲሁ። አንተ ባትነካው ጠረጴዛህ ላይ ይደርሳል።

“ለሕግ ብቻ የተሠራውን ውድ መሣሪያ እገዛለሁ፣ እገላገላለሁ” የሚልም አለ። ይሻላል፤ ግን አይገላግልም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2024 የሁለቱን ትልልቅ የሕግ መረጃ አቅራቢዎች መሣሪያዎች ፈትሸው ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆነው መልስ ላይ ፈጠራ እንዳገኙ ጽፈዋል። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለው ይሆናል፤ ማየት የሚገባን ግን ስህተቱ የሚመጣበትን መልክ ነው። ውሳኔው እውነት ይኖራል፤ ማሽኑ ብሏል የሚለውን ግን አላለም። ይህኛው ከቫርጊስ ይከፋል። ቁጥሩን ብታጣራ ትክክል ነው። ውስጡን ካላነበብክ አትነቃበትም።

ታዲያ ጠበቃ ምን ይሽጥ?

ጥያቄውን እንዲህ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል። ደንበኛ ለጠበቃ የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ለረጅም ጊዜ ትልቁ የክፍያው ድርሻ ፈልጎ ለማግኘት ነበር። በ1873 አሜሪካ ውስጥ ፍራንክ ሼፐርድ የሚባል ሰው አንድ ውሳኔ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ የሚያሳዩ፣ መጽሐፍ ዳር ላይ የሚለጠፉ ወረቀቶች መሸጥ ጀመረ። ሥራው ከዚያ ቀለለ። በ1973 ሌክሲስ በኮምፒውተር መጣ። እንደገና ቀለለ። በ2012 የኒው ዮርክ የፌዴራል ዳኛ አንድሩ ፔክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኢሜይሎች ባሉበት መዝገብ ኮምፒውተር ሰነዶችን ቢለይ ይቻላል ብለው ፈቀዱ። ሰነድ በማገላበጥ ይኖሩ የነበሩ ጠበቆች እንጀራቸው ያኔ ተነካ። የማግኘት ዋጋ 150 ዓመት ሙሉ ሲወርድ ነው የኖረው። ያልወረደው “ይህ እውነት ነው፣ እኔ እጠየቅበታለሁ” ብሎ የመፈረም ዋጋ ነው። ፊርማ ዋስ መሆን ነው። ዋስ ሲባል ደግሞ ያለ ነገር አይኮንም።

ለዚህ ነው የዚህን ታሪክ ትልቁን ትምህርት ከአንጋፋው ይልቅ በፈራሚው ጠበቃ ላይ የማየው። አንጋፋው ቢያንስ አዲስ ነገር ሞክረዋል። ፈራሚው ግን የድሮውን ልማድ በአዲሱ ዘመን ይዘው ቀጠሉ። ለፍሰትና ለሰዋስው አነበቡ። ይህ ልማድ ድሮ ይሠራ ነበር። ሳይመረምር የጻፈ ጀማሪ አጻጻፉ ያስታውቅበታል፤ ይንተባተባል፣ ይደጋግማል፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ቀሽም አጻጻፍ ለቀሽም ሥራ ምልክት ነበር። አሁን ግን ባዶውም የሞላውም እኩል ይፈስሳል። ለስላሳ ጽሑፍ ስለ እውነቱ ምንም አይነግርህም። የ25 ዓመት መተማመንም እንደዚያው። የምታምነው ሰውየውን ነው፤ ሰውየው ማንን እንዳመነ ግን አታውቅም።

በተግባር ምን ይደረግ? የራሴን ሐሳብ ልናገር። ጥያቄውን መጀመሪያ በተቃራኒው ጠይቅ። “ይርጋው አይቆምም የሚለው ወገን ጠንካራ ክርክሩ ምንድን ነው?” ይህች ጥያቄ ማርች 1 ከመድረሱ በፊት ብትጠየቅ ኖሮ የከሳሹ ጠበቆች ቢያንስ ምን እንደሚጠብቃቸው ባወቁ ነበር። የተጠቀሰ ውሳኔ ሁሉ ተከፍቶ ይነበብ፤ ሳይከፈት አይጠቀስ። ማሽኑን ደግሞ ከማታውቀው ነገር ይልቅ በእጅህ ባለው ነገር ላይ አሠራው። መቶ ገጽ የምስክር ቃል በቀን ቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ፣ ሁለት የውል ረቂቅ እንዲያወዳድር፣ የጻፍከውን ክርክር እንደ ተቃራኒ ጠበቃ ሆኖ እንዲበጣጥስልህ። እዚህ ላይ ሲሳሳት ታየዋለህ፤ ዋናው ሰነድ አጠገብህ ነው።

የደንበኛ ሚስጥር ግን ወደ ማንኛውም ነፃ መሣሪያ አይገባም። የምታስገባው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚማርበት ሳታውቅ ማስገባት ፋይሉን ካፌ ውስጥ ትቶ እንደመውጣት ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ጁላይ 2024 ባወጣው አስተያየት ቁጥር 512፣ ከሚገባበት መረጃ በሚማር መሣሪያ ላይ የደንበኛ መረጃ ለማስገባት ደንበኛው ነገሩን ተረድቶ መፍቀድ አለበት ብሏል።

ያው አስተያየት ስለ ገንዘብም አንስቷል፤ ጠበቆች ብዙም የማያወሩለት ክፍል ነው። በሰዓት የምታስከፍል ከሆነ የምታስከፍለው በትክክል ለሠራህበት ሰዓት ብቻ ነው። ድሮ 8 ሰዓት የሚፈጀውን በአንድ ሰዓት ከጨረስክ ሂሳቡ የአንድ ሰዓት ነው። መሣሪያውን ስትማር ያጠፋኸውንም በአብዛኛው ለደንበኛ አታሸክምም። ይህ እንግዲህ የሙያውን ኪስ ይነካል። ጎበዝ በሆንክ ቁጥር ገቢህ ይቀንሳል ማለት ነው፤ የክፍያ ዓይነትህን ካልለወጥክ። ለአንድ ሥራ ቁርጥ ዋጋ ማውጣት፣ “ይህን ውል መርምሬ ልሰጥህ ይህን ያህል” ማለት፣ ብዙዎች ሳይወዱ የሚሄዱበት መንገድ ይመስለኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ የጀማሪዎቹ ነገር ነው። ወጣት ጠበቃ ሙያውን የተማረው በዚያ አሰልቺ ሥራ ነው። ሃምሳ ውሳኔ አንብቦ አንዱን ሲያገኝ፣ አርባ ዘጠኙን ሳያውቀው ተምሯል። ያ ሥራ ለማሽን ከተሰጠ አሥር ዓመት ቆይቶ ቫርጊስን አይቶ “ይህ ውሳኔ አልጣመኝም” የሚል ሰው ከየት ይመጣል? የአየር መንገዱ ጠበቆች ደወሉን የደወሉት ዘርፉን በልባቸው ስለያዙት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው። አንድ የሚሞከር ነገር አለ። ማሽኑ የጻፈውን ለጀማሪው ሰጥቶ “ስህተቱን አውጣ፤ የለም ብትለኝም እንዴት እንዳወቅህ አስረዳ” ማለት። አሁንም ሃምሳውን ያነባል፤ በሌላ በር ገብቶ ነው እንጂ።

በመጨረሻም ከሁሉ ርካሹ ነገር አለ። “ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም” ማለት። አንጋፋው ጠበቃ መዝገቡ ወደ ፌዴራል ሲዛወር ይህን ብለው አንድ የአቪዬሽን ጠበቃ ጋር ቢደውሉ ኖሮ መልሱን በአንድ ስልክ ያገኙት ነበር።

መልሱ ምን ነበር? ዳኛ ካስቴል ጁን 22 ያወጡት አንድ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን በሌላ ውሳኔ የይርጋውን ክርክር አይተውታል፤ በእውነተኛ ውሳኔዎች። የስምምነቱ 2 ዓመት በኪሳራ አይቆምም አሉ። ይህን ውሳኔ ጋዜጦች እምብዛም አላነሱትም። ጉልበቱን የተመታው ሰውዬ ክስ ተዘጋ።